ሃርድ ዲስክ መሞት ሲጀምር፦ ባክአፓችሁን ሳታበላሹ ዲስክ የምትቀይሩበት መንገድ

እዚህ ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልኛል። «አቦ፣ ሃርድ ዲስኬ ሊሞት ነው፤ አዲስ ገዝቻለሁ፤ ባክአፕም ያለኝ ይመስለኛል። አሁን የቱን ወደ የት ልገልብጥ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አንዴ በሥርዓት ልጻፈው።

ዲስኩን መፍታትና መግጠም ቀላል ነው፤ ጥቂት ብሎን ነው። ፋይል የሚጠፋው ከዚያ በፊትና በኋላ በሚደረገው ግልበጣ ነው። ሰው ተጣድፎ ከታመመው ዲስክ የወጣውን የተበላሸ ፋይል በደህናው አሮጌ ባክአፕ ላይ ይጽፍበታል። ወይም አዲሱን ባዶ ዲስክ ወደ አሮጌው ይገለብጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ደረጃ አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አዲስ ዲስክ። ሙሉ ግልበጣ (ክሎን) የምታደርጉ ከሆነ መጠኑ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ብዙ ሰው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይገዛል። ሃያዋ ጊጋ ስለጎደለች ክሎኑ እምቢ ይላል።
- ሌላ ሦስተኛ ዲስክ፣ ማለትም ኤክስተርናል። አስፈላጊ ፋይሎች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚህ ነው።
- ከሳታ (ዲስኩ ከማሽኑ ጋር ከሚገናኝበት ሶኬት) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ወይም ኬዝ። የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢው በሚያገኘው 5 ቮልት ይሠራል። ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን 12 ቮልትም ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው ይሁን።
- 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ፣ ማስነሻ ለመሥራት።
- ዩፒኤስ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጅ የሚይዝ ባትሪ ይበቃል።
- ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ማርከር፣ ወረቀት ፕላስተርና አንድ ደብተር።

ስለ ግዢ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስትገቡ «2 ቴራ ፍላሽ» በማይታመን ዋጋ ካያችሁ እለፉት። አንዳንዱ ውስጡ ያለው ጥቂት ጊጋ ብቻ ነው፤ ለዊንዶውስ ግን 2 ቴራ ነኝ ይላል። ግልበጣው ያለቀ ይመስላል፣ የፋይሉ ስምም ይታያል፤ ስትከፍቱት ግን ውስጡ የለም። አዲስ የገዛችሁትን ፍላሽም ሆነ ኤክስተርናል ባክአፕ ከማሳረፋችሁ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ ፈትሹት። በሌላ በኩል 1 ቴራ ዲስክ 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራ አቁሙና አዳምጡ

ዲስኩ መታመሙን ካወቃችሁበት ደቂቃ ጀምሮ አዲስ ነገር አትጻፉበት፤ ፊልም አታውርዱ፣ አፕዴት አታድርጉ፣ የማገገሚያ ፕሮግራምም አትጫኑበት። የተረፈው እድሜ ለግልበጣው ብቻ ይዋል።

ከዚያ ጆሮአችሁን አስጠጉ። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ቆሞ እንደገና የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ጭንቅላት ተጎድቷል ማለት ነው። ወዲያው አጥፉት። እንዲህ ያለ ዲስክ በተነሳ ቁጥር ጭንቅላቱ የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀ ነገር ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ውስጡ ያለው ፋይል የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ መመሪያውን እዚህ ላይ ትታችሁ ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ውሰዱት።

⚠ ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። ይህ ምክር አሁንም ይዞራል። ቀዝቅዞ ወደ ድሬ ሙቀት ሲወጣ ላብ ያወርዳል፤ ውኃው ይጨርሰዋል።

ደረጃ 2፦ የበሽታውን ደረጃ እወቁ

የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ከሌላ ፍላሽ ላይ ክፈቱት፤ ሳይጫን የሚሠራው ዓይነት አለው። ሰማያዊ ጤነኛ፣ ቢጫ አስጊ፣ ቀይ መጥፎ ነው። ከቀለሙ በላይ ግን አራት መስመሮችን ተመልከቱ።

05 የሚለው መስመር ዲስኩ ቀድሞ የተካቸው የሞቱ ቦታዎች ናቸው። ሲ5 (C5) ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎች፣ ሲ6 (C6) ደግሞ ሞክሮ ጨርሶ ያቃተው ነው። የሦስቱም ትክክለኛ ቁጥር ዜሮ ነው። ሲ5 እያደገ ከሆነ ጊዜ የላችሁም።

አራተኛው ሲ7 (C7) ነው፤ ዳታ በኬብሉ ሲተላለፍ የተፈጠሩ ስህተቶችን ይቆጥራል። ሌሎቹ ዜሮ ሆነው ይኼኛው ብቻ ከፍ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ እንጂ የዲስኩ አይደለም። ዴስክቶፕ ከሆነ የሳታ ኬብሉን ቀይራችሁ ሞክሩ። አዲስ ዲስክ ከመግዛት ታተርፋላችሁ።

ሙቀቱንም እዚያው ታዩታላችሁ። ከ50 ዲግሪ በላይ ከሆነ ረፍት ስጡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ውስጥ ቀን 8 ሰዓት ላይ ረጅም ግልበጣ አትጀምሩ። ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሩና ቬንትሌተር አዙሩበት።

⚠ ዊንዶውስ «ዲስኩ ስህተት አለበት፣ ላስተካክለው?» ቢላችሁ እምቢ በሉ። ይህን የሚሠራው ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም የተሠራው ጤነኛ ዲስክ ላይ የተዛባ ፋይል ለማስተካከል ነው። የሚሞት ዲስክ ላይ ሲሮጥ ዲስኩን ያለፋዋል፤ ሊነበብ የሚችል ፋይልም ቆርጦ ይጥላል። «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት ከመጣም አትንኩት። ኬብሉን ነቅላችሁ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ምን እንደምታወጡ ጻፉ

ደብተሩ ላይ ይሁን፣ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። ሰው ሁሉ ዴስክቶፕንና ዶክመንትን ያስታውሳል። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦

- ዳውንሎድ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር። የደንበኛ ፎቶና ደረሰኝ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።
- የፒችትሪ ሒሳብ። ፕሮግራሙ ከተከፈተ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አንድ ፋይል አሠሩት። ካልተከፈተ የድርጅቱን ፎልደር በሙሉ ውሰዱ፤ ግን ፒችትሪ ተዘግቶ። ተከፍቶ ሳለ የተገለበጠ ዳታቤዝ ግማሹ የቅድሙ፣ ግማሹ የአሁኑ ሆኖ ይወጣል።
- የአማርኛ ፎንቶች። ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ይህን አስምሩበት። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ግን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ቀርቶ ከአሮጌው ዲስክ ጋር ሄዷል።
- ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የፕሮግራም ፈቃድ ቁጥሮች።
- የቢትሎከር ቁልፍ። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ይቆልፋሉ። ዲስኩን አውጥታችሁ በኬብል ሌላ ማሽን ላይ ስትሰኩት ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ማሽኑ ገና እየተነሳ ሳለ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ገልብጡት።

ደረጃ 4፦ አሮጌ ባክአፖችን ሰብስቡ፣ ስም ስጡ፣ አትጻፉባቸው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የፋይል ኪሳራ አብዛኛው እዚህ ነው የሚደርሰው።

ቤት ያለውን ፍላሽና ኤክስተርናል ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። በየአንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፉና በማርከር ቁጥር ጻፉበት፦ 1፣ 2፣ 3። ደብተሩ ላይ «ቁጥር 2፦ የሱቅ ሒሳብ፣ የሠርግ ፎቶ» እያላችሁ መዝግቡ። አሁን ከፍታችሁ ማየት ብቻ ነው፤ አንድም ፋይል አትጨምሩ፣ አትሰርዙ፣ አታዛውሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የታመመው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ቀኑ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ተበልቶ ይሆናል። አሮጌው ባክአፕ ላይ ያለው የሦስት ወር ነው፤ ግን ይከፈታል። «ሪፕሌስ» የሚለውን ስትጫኑ የተበላው ደህናውን ይተካዋል፣ መመለሻም የለውም። አውቶማቲክ ሲንክ የሚያደርግ ፕሮግራም ካላችሁም አጥፉት። ሲንክ ከዲስኩ ላይ የጠፋውን ፋይል ከባክአፑም ላይ ያጠፋል። ሥራው ያ ነውና አትፈርዱበትም፤ ዲስክ ሲታመም ግን አደገኛ ነው።

ቀጥሎ የቱ የቅርብ እንደሆነ መለየት ነው። ብዙ ኤክስተርናል ስትከፍቱ የምታዩት ይህን ነው፦ «ባክአፕ አዲስ»፣ «ባክአፕ የመጨረሻ»፣ «ባክአፕ የመጨረሻ 2»፣ «ባክአፕ 2016»። የመጨረሻው ራሱ ችግር አለው። 2016 በእኛ ነው በፈረንጅ? በመካከሉ ሰባት፣ ስምንት ዓመት አለ። የፎልደሩን ስም አትመኑ። ውስጥ ገብታችሁ ፋይሎቹን በተቀየሩበት ቀን ደርድሩ፣ የላይኛውን ከፍታችሁ ይዘቱን አንብቡ። ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ከሆነ ቀኑ ውስጡ ተጽፏል። የኮምፒውተሩም ቀን ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስና የትናንት ፋይል የስንት ዓመት ሆኖ ይታያል።

ከአሁን በኋላ ለሚሠራው ባክአፕ አንድ የስም አሰጣጥ ያዙ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በመጨረሻ የዘመን አቆጣጠሩ፦ «2018-02-15-ኢት»። ዓመቱ ስለቀደመ ፎልደሮቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተልም ይቀመጣሉ።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ሾርትከት ቫይረስ በያዘው ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ያሉ ይመስላሉ፤ መጠናቸውን ስታዩ ግን እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ናቸው። ባክአፕ ያላችሁት የሾርትከት ስብስብ ነው። እውነተኛዎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት። የተደበቁትንና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ኤክስፕሎረሩን አዝዙ። ሾርትከቱን ግን አትክፈቱት፤ ስትከፍቱት ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይገባል።

ደረጃ 5፦ አስፈላጊውን በቅድሚያ አውጡ

ሙሉ ዲስኩን ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ሦስተኛው ዲስክ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙን «ከታመመው-2018-02-15-ኢት» በሉት። ሌላ ባክአፕ ያለበት ፎልደር ውስጥ አትቀላቅሉት። ከዚያ በደብተሩ ቅደም ተከተል አንድ አንድ ፎልደር ገልብጡ፦ መጀመሪያ ሌላ ቦታ የማይገኘው፣ በመጨረሻ ፊልምና ዘፈን።

ኮፒ እንጂ ከት አይሁን። ከት ስታደርጉ የታመመው ዲስክ ላይ የመሰረዝ ሥራም ትጭናላችሁ፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ደግሞ ፋይሉ የትኛው ጋ እንደቀረ ማወቅ ይቸግራል።

የዊንዶውስ ተራ ኮፒ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። አንዱ ፋይል ላይ ይደርስና አረንጓዴው መስመር ቀጥ ይላል። ፍጥነቱ ዜሮ ይጻፋል፣ ዲስኩ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይመታል። ቴራኮፒን ተጠቀሙ፤ ያቃተውን ዘልሎ ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ያልሄዱትን ዝርዝር ይሰጣችኋል። ሮቦኮፒ የምታውቁ ደግሞ የድጋሚ ሙከራውን ቁጥር ወደ 1 አውርዱት። ካልነካችሁት አንድ ፋይል ላይ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ያ ዲስኩን መግደል ነው።

ፎርማቱንም እዩ። ኤክስተርናሉ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም። ባዶ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርጉት። ባክአፕ ካለበት አትንኩት፣ ሌላ ፈልጉ።

ጊዜውን አስቀድማችሁ ገምቱ። በዩኤስቢ 2 ወደ 500 ጊጋ መገልበጥ ጤነኛ ዲስክ ላይ እንኳ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ ክሎን ወይስ አዲስ ዊንዶውስ?

የእኔ ምክር፦ ማሽኑ ሲቆም ሲነሳ፣ ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ ከነበረ ዊንዶውስ አዲስ ጫኑ። የሲስተም ፋይሎቹ ራሳቸው ተበልተው ይሆናል፤ ክሎን ስታደርጉ በሽታውንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ክሎን የሚጠቅመው ዲስኩ ገና ቢጫ ላይ ሲሆን፣ ወይም እንደገና ለመጫን የሚያስቸግር ፕሮግራም ሲኖራችሁ ነው።

ጥቂት የሞቱ ቦታዎች ብቻ ካሉ ክሎንዚላ የተባለውን ነፃ የክሎን ፕሮግራም ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ አስነሱ፤ «ሬስኪው» የሚለውን ምርጫ ምረጡ፣ አለበለዚያ መጀመሪያ ያጋጠመው ስህተት ላይ ይቆማል።

ሲ5 ከፍተኛ ከሆነ ወይም ዊንዶውስ ዲስኩን «ፎርማት አድርግ» ካለው፣ ከታመመ ዲስክ ዳታ ለማውጣት የተሠራው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም ይሻላል። በሊኑክስ ፍላሽ ይነሳል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ይተዋል። የደረሰበትን የሚመዘግብበት ማፕ ፋይል አለው። ይህን ፋይል የግድ ስጡት፣ ሦስተኛው ዲስክ ላይም አስቀምጡት። መብራት ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ማፕ ከሌለ ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው ዙር አስቸጋሪውን እንዳይፍቅ ከልክሉት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አዝዙት።

⚠ ከመላው መመሪያ አደገኛው ቦታ ይህ ነው፦ ከየት ወደ የት። ሊኑክስ ላይ ዲስኮቹ የሚታዩት በአጭር ስም ነው፣ ስማቸውም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። የሁለቱንም ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ከጀርባቸው ላይ አንብባችሁ «አሮጌ» እና «አዲስ» ብላችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ማፕ ፋይሉ ካለበት ከሦስተኛው ዲስክ በቀር ባክአፕ ያለባቸውን ሌሎች ዲስኮች በሙሉ ንቀሉ። ያልተሰካ ዲስክ ላይ በስህተት አይጻፍም።

ክሎኑ ካለቀ በኋላ አሮጌውን ሳትነቅሉ ማሽኑን አታስነሱ። ሁለቱ ዲስኮች መለያቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ ይምታታል። ቼክዲስክ ማድረግ ከፈለጋችሁ አሁን፣ አዲሱ ላይ።

ደረጃ 7፦ መቀየር

አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ። የብረት ነገር ነክታችሁ በእጃችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ አስወግዱ። ብሎኖቹን ያወጣችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። አዲሱ 7 ሚሊሜትር፣ አሮጌው 9.5 ከሆነ የሚሞላውን ስስ ፍሬም አትርሱ፣ አለበለዚያ ሶኬቱ ላይ ይወዛወዛል። ባለ ኤም.2 ቀዳዳ (ማስቲካ የሚመስለው ቀጭን ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ከሆነ ሳታ ነው ወይስ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ የሚቀበል የሚለውን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ደረጃ 8፦ ፋይል መመለስ

መጀመሪያ አንቲቫይረስ፣ ቀጥሎ ፎንቶች፣ ከዚያ ፋይሎች። «ከታመመው» የሚለውን ፎልደር መልሱ። ያልተከፈተ ወይም የጎደለ ፋይል ካገኛችሁ ያንኑ ብቻ ከአሮጌው ባክአፕ ፈልጋችሁ በሌላ ፎልደር ውስጥ አኑሩት። ሁለቱን ፎልደሮች አንድ ላይ አትዝረጓቸው።

ደረጃ 9፦ መፈተሽ

የፋይሎቹ ብዛትና ጠቅላላ መጠን በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑን በፕሮፐርቲስ ተመልከቱ። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ የተበላ ፋይልም መጠኑ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹን በትልቅ ምስል አሳይቶ ወደ ታች መሳብ ጥሩ ዘዴ ነው። የሙሽራዋ ፊት ላይ ደርሶ ከዚያ በታች ግራጫ የሆነ ፎቶ ካያችሁ የሞተው ቦታ እዚያ ነበር፤ ደህናውን ከአሮጌው ባክአፕ ፈልጉ። ፒችትሪን ክፈቱ፣ የመጨረሻውን ወር ሪፖርት አውጡ፣ ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ረጅም ቪዲዮ መሃሉንና መጨረሻውን ተመልከቱ። የአማርኛ ደብዳቤ ክፈቱ።

ደረጃ 10፦ ከዚህ በኋላ ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጣል

ሁሉም ሲረጋገጥ አዲስ ሙሉ ባክአፕ ሥሩ፣ ቀን ስጡት። ሦስት ኮፒ ይኑራችሁ፦ አንዱ ማሽኑ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ላይ፣ አንዱ ከቤት ወይም ከሱቅ ውጭ። ሱቃችሁ ከዚራ ሰፈር ከሆነ ሦስተኛው ሳቢያን ሰፈር ቤታችሁ ይቀመጥ። ትንንሽ ወሳኝ ፋይሎችን በይለፍ ቃል ዚፕ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ መላክም ይቻላል፤ በነፃው አካውንት እስከ 2 ጊጋ ድረስ አንድ ፋይል ይቀበላል።

መሳቢያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ባክአፕ ኤስኤስዲ አልመክርም። ኃይል ሳያገኝ ሙቀት ውስጥ ብዙ ሲቆይ ዳታ ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ሥራ ተራው ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ከሐረር በሚኒባስ ዲስክ የምትልኩም በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ፀሐይ የሚመታው ዳሽቦርድ ላይ እንዳይቀመጥ ለሾፌሩ ንገሩት።

ከአሮጌ ባክአፖች የምትሰርዙት አዲሱ ተፈትሾ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፤ ያኔም ከሁሉ የቆየውን ጀምሩ። የታመመውን ዲስክ «የሞተ፣ አትጠቀሙ» ብላችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡት። የንግድ ሒሳብ ከነበረበት የሐምሌ ግብር እስኪያልፍ ይቆይ፤ የጎደለች ደረሰኝ የምትፈለገው ያኔ ነው።

ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ውስጡ ያለው የሰው መታወቂያ፣ ፎቶና ሒሳብ መሆኑን አስቡ። ፎርማት ማድረግ ብቻ አይበቃም። የሚነሳ ከሆነ ሙሉውን ዲስክ በዜሮ የሚሞላ ፕሮግራም አሂዱበት። የማይነሳ ከሆነ በድሪል ሁለት ሦስት ቦታ ብሱት። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይፈነጠራል፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፣ መነጽር አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ።